ፊቱ የጋራ፣ ጓሮው የግል

መጽሐፍ ካልጣመን እንከድነዋለን። ቴአትር ከሰለቸን ወጥተን እንሄዳለን። ሕንፃን ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸሹትም፤ ወደድነውም ጠላነውም መንገዳችን ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ እኛ ካለፍን በኋላም ልጆቻችንን ይጠብቃል። ስለዚህ ከጥበባት ሁሉ ጠንከር ያለ ሒስ የሚገባው ኪነ ሕንፃ ነው እላለሁ። በተግባር የሚደርሰው ግን ወይ የጎብኚ አድናቆት ነው፣ ወይ የመሐንዲስ ሪፖርት።

ዛሬ የማነሣው ሥራ አድናቆቱ ከልክ በላይ የተትረፈረፈለት ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በፍል ውኃዋ በታወቀችው በባዝ ከተማ፣ ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ 30 ቤቶች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች በግማሽ ክብ ቆመዋል። ‹‹ሮያል ክሬሰንት›› ይባላሉ፤ ንጉሣዊው ግማሽ ጨረቃ እንደ ማለት ነው። የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1767 እስከ 1775 ባለው ጊዜ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በአገሩ ሕግ በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት ተመዝግበዋል። ባዝም በ1987 በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትሰፍር ከስሟ ጋር አብሮ የተነሣው የእነዚህ ቤቶች ስም ነበር። በፖስት ካርድ፣ በቀን መቁጠሪያና በፊልም ያልታዩበት ጊዜ የለም።

ፎቶግራፎቹ ሁሉ ታዲያ የሚነሡት ከፊት ነው። የኔ ክርክር እዚህ ላይ ይጀምራል። የሮያል ክሬሰንት ፊት የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ከጀርባ አለ። ሁለቱን ያገናኘውን ስምምነት ያልተረዳ ሰው ሥራውን አደነቀ እንጂ አየ አይባልም። ይህንን አለመረዳት ደግሞ የአስተያየት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በዚያችው ከተማ ብዙ ቤት አስፈርሷል።

አንድ ግድግዳ ለሁለት ጎረቤት

እንግሊዞች ‹‹ቴራስ›› የሚሉት የቤት ዓይነት፣ ቤትን ከነግቢውና ከነአጥሩ ማሰብ ለለመደ ሰው ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ቤቶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይሠራሉ፤ የአንዱ የጎን ግድግዳ የጎረቤቱም ግድግዳ ነው። እያንዳንዱ ቤት በወርዱ ጠባብ፣ በቁመቱ ረጅም ይሆናል። ወጥ ቤቱ ከምድር በታች፣ የምግብ ክፍሉ ምድር ቤት፣ እንግዳ መቀበያው ሳሎን አንደኛ ፎቅ፣ መኝታ ክፍሎቹ ከዚያ በላይ፣ የአሽከርና የገረድ ማደሪያ ደግሞ ከጣራው ሥር ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የሰው ደረጃ የሚለካው በደረጃው ነበር። አንዱ ውኃና ከሰል ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ሌላው ከመካከለኛው ፎቅ ሳይነቃነቅ ሁሉ ይቀርብለታል።

ቤቶቹ እንዲህ የተጣበቁት ጎረቤት ስለሚወዱ አይደለም፤ ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የመንገድ ዳር መሬት ውድ ነው። ቤቱ ሲጠብ በአንድ መንገድ ላይ ብዙ ቤት ይቆማል፤ ግድግዳ በጋራ ሲሆን ድንጋይም ድካምም ይቆጠባል። በ18ኛው መቶ ዘመን ባዝ ደግሞ ሒሳብ አዋቂ የሚከብርባት ከተማ ነበረች። ሀብታሙ ለሕመሙ ፍል ውኃ፣ ለመዝናኛው ቁማርና ጭፈራ፣ ለልጁም ባል ፍለጋ ወደዚያ ይጎርፋል። ለወራት ተከራይቶ ይቀመጥና ይመለሳል። የሚከራይ ቤት የሠራ ሰው ይከብራል።

በዚህ ገበያ መካከል አንድ ሐሳብ ይዞ የተነሣው ትልቁ ጆን ዉድ ነው። በኩዊን ስኩዌር ሰሜናዊ ጎን፣ ሥራው በ1728 በተጀመረው፣ ጎን ለጎን የተጣበቁ ቤቶችን ከፊት ሲያዩዋቸው አንድ ቤተ መንግሥት እንዲመስሉ አድርጎ ነደፋቸው። ገንዘቡን ግን ከየት ያምጣ? መሬቱን በሊዝ ወሰደ፤ ቦታውን ሸንሽኖ ለገንቢዎች መልሶ አከራየ። ውሉ አጭርና ብልህ ነበር፤ ‹‹ፊቱን እኔ በነደፍኩት መሠረት ትሠራላችሁ፤ ከበስተጀርባው የራሳችሁ ጉዳይ ነው›› የሚል ዓይነት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለብቻው ቢቆም ዘወር ብለው የማያዩት መካከለኛ ቤት ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያብር ቤተ መንግሥት ሆነ። ለአንድ ወቅት የተከራየው እንግዳም ለዚያ ወቅት የቤተ መንግሥት ነዋሪ ነኝ ለማለት በቃ።

ትልቁ ዉድ በ1754 ሰርከስ የተባለውን ባለ 33 ቤት ክብ አደባባይ አስጀምሮ በዚያው ዓመት ሞተ። ሥራውን በ1768 የፈጸመው የስሙ ወራሽ ልጁ ጆን ዉድ ነው። ሮያል ክሬሰንትም የልጅየው ድርሰት ነው።

114 ዓምዶች

ልጁ ከአባቱ የተማረው ማሳመርን ብቻ ቢሆን ኖሮ ክሬሰንት የሰርከስ ቅጂ ሆኖ በቀረ ነበር። ሰርከስ ጌጠኛ ነው፤ ሦስት ዓይነት ዓምዶች በሦስት እርከን ተደራርበውበታል፤ ቅርጻ ቅርጹም ብዙ ነው። ልጅየው ይህን ሁሉ ተወው። ምድር ቤቱን ያለ ጌጥ ልሙጥ አደረገው። ከዚያ በላይ ባሉት ሁለት ፎቆች ቁመት አንድ ዓይነት፣ አዮኒክ የሚባሉትን ዓምዶች ብቻ አሰለፈ። ከዳር እስከ ዳር ቢቆጠሩ 114 ናቸው። ከፍታው እኩል፣ ርቀቱ እኩል፣ ድንጋዩ አንድ፤ ከባዝ ዙሪያ ተራሮች የሚወጣው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የማር ቀለም የሚያወጣው የኖራ ድንጋይ ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ችሎታ ራስን መግዛት ነው። ሌላ አርክቴክት መሐሉን በትልቅ ሦስት ማዕዘን ግንባር ያነግሠው ነበር። ልጁ ዉድ በመሐለኛው ቤት ያደረገው ነገር ቢኖር ዓምዶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማቆምና በመካከላቸው አንድ ቅስት መስኮት ማስገባት ብቻ ነው። ያልነገሩት ሰው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ኩርባው ስለሚበቃ ሌላ ንጉሥ አላስፈለገውም። ቀጥ ያለ ረድፍ ቢሆን ኖሮ 114 ተመሳሳይ ዓምድ እንደ ወታደር ሰልፍ ባሰለቸ ነበር። ኩርባ ላይ ግን እያንዳንዱ ዓምድ ፀሐይን በተለየ ማዕዘን ይቀበላል፤ በአንዱ ላይ ብርሃን ሲሆን በሌላው ላይ ጥላ ነው። ድግግሞሹ ዜማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አቀራረቡም ታስቦበታል። ከሰርከስ ወደ ክሬሰንት የሚወስደው ብሮክ ስትሪት ሆን ተብሎ ጭምት የተደረገ ጎዳና ነው። ዓይን አርፎ፣ ምንም ሳይጠብቅ ሲሄድ፣ ማዕዘኑን እንዳለፈ ያ ሁሉ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ይዘረጋል። ደግሞም ከዚያ በፊት የነበሩት የባዝ አደባባዮች ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ ክሬሰንት ግን ፊቱን ለሜዳና ለኮረብታ ሰጠ። ከተማ ገጠርን ቁጭ ብላ እንድታይ ወንበር የተሰጣት ያህል ነው።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ከአድናቂዎቹ ጋር ነኝ። መለያየት የምንጀምረው ዓምዶቹ ምን ይሠራሉ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ከግድግዳው ጋር የተጣበቁ ናቸው፤ ከበስተኋላቸው ሰው ሊያልፍ አይችልም፤ ቤቱን የሚሸከመው ግድግዳው ነው። ሥራቸው መታየት ነው። የአንዱ ቤት ወሰን የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምርም አይናገሩም፤ እንዲያውም ይሸሽጉታል። ሠላሳ አባወራ አንድ ጭምብል አጥልቋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጭምብሉን የሚያጋልጥ አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ከሣሩ መካከል አለ። ከቤቶቹ ፊት ያለው የላይኛው ሣር የነዋሪዎቹ ነው፤ ከታች ያለው ድሮ ከብት ይግጥበት የነበረ ሜዳ ነው። ሁለቱን የሚለይ አጥር ከላይ ሆኖ ለሚመለከት አይታይም። ያለው እንግሊዞች ‹‹ሃሃ›› የሚሉት ነው፤ በአንድ ወገኑ በግንብ የተደገፈ ቦይ፣ ከብቱን የሚያግድ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሲያዩት ግን ሜዳው አንድ ወጥ መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ። በእኔ አስተያየት ከ114ቱ ዓምዶች ይልቅ ስለ ባለቤቶቹ ብዙ የሚናገረው ይህ ቦይ ነው። ድንበሩ አለ፤ እንዳይታይ ብቻ ተደርጓል።

ከጓሮ ሲታይ

ባዝን የማየት ዕድል ባገኘሁ ጊዜ ከሣር ሜዳው ይልቅ ብዙ የቆየሁት ከቤቶቹ በስተኋላ ባለው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። ጎብኚ አይበዛበትም። እዚያ የሚታየው ከፊት ለፊቱ ጋር ምንም ዝምድና ያለው አይመስልም። አንዱ ጣራ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፤ አንዱ ግድግዳ ወደ ውጭ የተገፋ፣ ሌላው ወደ ውስጥ የገባ፤ መስኮቶቹም እንደየቤቱ ፍላጎት የተከፈቱ። የውኃ ቧንቧውና የጭስ መውጫው ሳያፍሩ አደባባይ ወጥተዋል። ምክንያቱ ያው የውሉ ዘዴ ነው፤ ገዢው ከፊቱ የተወሰነ ርዝመት ይገዛና ከኋላው ያለውን ቤት በገዛ አርክቴክቱ እንደ ኪሱና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ያሠራል። ለዚህ ዓይነቱ ቤት እንግሊዞች ‹‹ፊቱ ንግሥት አን፣ ጀርባው ሜሪ አን›› የሚል ተረብ አላቸው፤ ከፊት እመቤት፣ ከኋላ የሰፈር ሴት እንደ ማለት ነው።

ተረቡ ጓሮውን ያሳፍራል። እኔ ግን እመቤቲቱን በሕይወት ያቆየቻት ሜሪ አን ናት ባይ ነኝ። ክሬሰንት በተሠራበት ዘመን የነበረው ኑሮ ዛሬ የለም። ሃያ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ፣ ክፍሎቹንም የሚያሞቅ የአሽከር ሠራዊት፣ ድሮ ቀርቷል። ብዙዎቹ ቤቶች ተከፋፍለው አፓርታማ ሆነዋል፤ መሐለኞቹ ሆቴል ናቸው፤ ቁጥር 1 ሙዚየም ነው። ፊቱ አንዲት ድንጋይ ሳያጎድል ይህ ሁሉ ለውጥ የተቻለው ከጅምሩ ጀርባው ነፃ ስለነበረ ነው። ውሉ ጸንቶ የሚቆየውንና የሚለወጠውን አስቀድሞ ለይቶ ነበር። ብዙ ታላላቅ ሕንፃዎች ይህ ስለጎደላቸው ወይ ሙዚየም ሆነው ደርቀዋል፣ ወይ ፈርሰዋል።

ቁጥር 1 ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ባዝ ፕሪዘርቬሽን ትረስት የተባለው፣ በ1934 የተቋቋመው የቅርስ ጠባቂዎች ማኅበር ቤቱን በ18ኛው መቶ ዘመን መልኩ አድሶ በ1970 ለሕዝብ ከፈተው። ሳሎኑ አማረ፤ ወንበሩ፣ መጋረጃው፣ ገበታው በየቦታው ገባ። የአገልጋዮቹ ክንፍ የነበረው ተቀጥላ ቤት ግን ተነጥሎ ሌላ ንብረት ሆኖ ነበርና ከዋናው ቤት ጋር ዳግም የተገናኘው በ2013 ነው። ከ40 ዓመት በላይ ጌቶቹ በአንድ ወገን፣ ያገለገሏቸው ሰዎች ታሪክ በሌላ ወገን ቆየ ማለት ነው። ሳሎንን ብቻ አድሶ ታሪክ ነው ማለት ደግሞ ገበታውን አሳይቶ ምድጃውን መደበቅ ነው።

የገንዘቡም ምንጭ ከዚሁ ጓሮ ይቆጠራል። ባዝ ባሪያ ፈንጋይ መርከቦች ይነሡባት ለነበረችው ለብሪስቶል ወደብ ቅርብ ናት። በዚችው ከተማ፣ ላንስዳውን ክሬሰንት በሚባል ሌላ ኩርባ ረድፍ ውስጥ ከ1822 ጀምሮ የኖረው ደራሲው ዊልያም ቤክፈርድ ሀብቱ ጃማይካ ውስጥ ባሪያዎች ያለሙት የስኳር እርሻ ነበር። የማር ቀለም ያለውን ድንጋይ ስናደንቅ ከበስተኋላው የነበረውን ስኳር መርሳት የለብንም። ይህን ማንሣት ሕንፃውን ማርከስ አይደለም፤ ሒሳቡን አሟልቶ መጻፍ ነው።

የአንድ በር ቀለም

ፊቱ የጋራ ነው ብለናል። የጋራነቱስ እስከ የት ነው? ይህ ጥያቄ በ1970ዎቹ በእውነት ፍርድ ጠይቋል። የቁጥር 22 ባለቤት የነበሩ ሴት የቤታቸውን በር ቢጫ አስቀቡ። የጎረቤቶቻቸው በር ነጭ ነበርና የከተማው ምክር ቤት ወደ ነጭ እንዲመልሱት አዘዘ። ሴትዮዋ እምቢ አሉ። ክርክሩ ከደረጃ ደረጃ ተጉዞ ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስትር ዘንድ ደረሰ፤ የተፈረደውም ለሴትዮዋ ነበር።

የምክር ቤቱን ሥጋት አላናንቅም። ዛሬ ቢጫ ከተፈቀደ ነገ ቀይ ይመጣል፤ ሠላሳ ሰው በየስሜቱ ከቀባ የውሉ መንፈስ ይፈርሳል የሚል ሥጋት ነው። ሆኖም ፍርዱ ከሕግም አልፎ በኪነ ሕንፃ ሚዛን ትክክል ነበር እላለሁ። 114 ዓምዶችን ያሰለፈ ፊት አንድ ቢጫ በር መሸከም ካቃተው የተመሰገነለት ጽናት ከቶ የት አለ? ይልቁንም ያ በር ሠላሳው ቤት የሠላሳ ሰው መሆኑን ዓምዶቹ በሸሸጉበት ቦታ ላይ ተናገረ። የጋራ ፊት የሚከበረው የጋራውን ነገር ለይተን ስናውቅ ነው። ድንጋዩ፣ መስመሩ፣ ቁመቱ የጋራ ነው። የበር ቀለም ግን ነገ ተፍቆ የሚቀየር ነው፤ የተፋቀ ዓምድ ግን አይመለስም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ጠባቂ በትንሹ እየደከመ ትልቁ ያመልጠዋል።

ትልቁም በእርግጥ አመለጠ።

ከቦምቡ የከፋው

በሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ባዝን ደበደቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ከክሬሰንት ቁጥር 2 እና ቁጥር 17 በተቀጣጣይ ቦምብ ውስጣቸው ነደደ። በኋላ ተጠገኑና ዛሬ ከፊት ለሚያይ ሰው የደረሰባቸው ጉዳት አይታወቅም። ይህ ጠላት ያደረገው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ግን የራስ ሥራ ነው። ከተማዋ ክሬሰንትንና ሰርከስን እንደ ዓይኗ ብሌን እየጠበቀች የአናጢውን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የወንበር ተሸካሚውን ዘር ያስጠለሉትን ትናንሽ ቴራሶች በረድፍ በረድፍ አፈረሰች። ዕድሜያቸው ከክሬሰንት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ድንጋያቸው ያው የባዝ ድንጋይ ነው፤ የሚገዛቸውም ያው የረድፍ ሕግ ነው። የጎደላቸው ዓምድ ነው። ያልተመዘገቡ ወይም በዝቅተኛ ደረጃ የተመዘገቡ ስለነበሩ ‹‹ያረጁ መንደሮች›› ተብለው ታለፉ። ጋዜጠኛው አዳም ፈርጉሰን በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የከተማዋን መፍረስ ወራሪ ሠራዊት ከሚያደርሰው ዘረፋ ጋር አመሳሰለው። በመጽሐፉ የተነሣው ቁጣም ማፍረሱን ለማስቆም ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ለሟቾቹ ቤቶች ግን አልደረሰም።

በአፍራሾቹ ወገን የሚቀርበው ምክንያት ባዶ አልነበረም። ብዙዎቹ ቤቶች ርጥበት የገባባቸው፣ መታጠቢያ የሌላቸው ነበሩ፤ ተከራዩም ሻል ያለ ቤት ይገባው ነበር። ዳሩ ግን የክሬሰንት ቤቶችም ለዘመናቸው ኑሮ የማይመቹ ሆነው ነበር። እነርሱ ከውስጥ ተቀይረው ከውጭ ዳኑ። ያው ዘዴ ለትንንሾቹ ያልተሞከረው ስለማይቻል ሳይሆን ስለማይገባቸው ነው የሚል ፍርድ አስቀድሞ ስለተሰጠ ነው።

የስሕተቱ ሥር እንግዲህ የሒስ ስሕተት ነው። ክሬሰንትን እንደ አንድ ሐውልት፣ ብቻውን እንደ ተወለደ ድንቅ ነገር አዩት። እርሱ ግን ሐውልት አልነበረም፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ከትንሽ እስከ ትልቅ የሚነገር የአንድ ቋንቋ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነበር። ትናንሾቹን ቃላት አጥፍቶ ዓረፍተ ነገሩን ማቆየት ምን ይረባል? ብሮክ ስትሪት ጭምት ባይሆን የክሬሰንት መገለጥ ባላስደነቀ ነበር ብያለሁ። ለመላው ከተማም እንዲሁ ነው፤ ጭምቶቹ ሲጠፉ ታላቁ መድረክ ላይ ብቻውን የቀረ ተዋናይ ይሆናል።

ለእኛ አንባቢ ከዚያው ከተማ አንድ ተጨማሪ ምስክር ልጥራ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በባዝ ነው። የኖሩበት ፌርፊልድ የተባለው ቤት ቴራስ አይደለም፤ በአትክልት መካከል ለብቻው የቆመ የ19ኛው መቶ ዘመን ቪላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን እንዲያገለግል ለከተማዋ ሰጡ። በክሬሰንት ሚዛን፣ በዓምድ ቆጠራ ቢመዘን የፌርፊልድ ፊት ከሌሎች የዘመኑ ቪላዎች እምብዛም አይለይም። ክብሩ ያለው አገሩን በጠላት የተነጠቀ መንግሥት ብርዱን፣ ችግሩንና ተስፋውን ይዞ በክፍሎቹ ውስጥ በመክረሙ ነው። ቤትን በፊቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ቤት ዓይኑ እያየ ያልፈዋል።

ስለዚህ ሮያል ክሬሰንት ታላቅ ሥራ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አዎ ነው። ታላቅነቱ ግን በዓምዶቹ ቁጥር ሳይሆን ሠላሳ ባለቤቶች ለመንገደኛው አንድ ፊት ሊሰጡት፣ ለራሳቸው ደግሞ ጓሯቸውን ሊያስቀሩ በመስማማታቸው ነው። በቅርስነት መጠበቅ ያለበትም ይኸው ስምምነት ነው፤ ዓምድ ባለውም ቤት፣ ዓምድ በሌለውም። ፊቱን ብቻ የሚጠብቅ ከተማ የፎቶግራፍ ባለቤት ሆኖ ይቀራል። ቤቶቹን የሚፈልግ ግን ዞሮ ጓሮውን ያያል።